የሞራ ቀዶ ጥገና በተደረገ በአራተኛው ቀን ዓይን ቢደበዝዝ፦ አንድ ጥያቄና ሃያ ሦስት መልስ

ጥያቄው በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የቀረበው ማታ ነው፤ ከሥሩ የተጻፉትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው እጠራቸዋለሁ። የጠያቂው እናት የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው አራት ቀን ሆኗቸዋል። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ የግድግዳውን ሰዓት አንብበው ነበር፤ እስከ ሦስተኛው ቀንም ደህና ነበሩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን የተሠራው ዓይን ጭጋግ ለበሰ፣ ነጩ ክፍል ደም መሰለ፣ ቆቡ አበጠ። ሕመሙ ግን ያን ያህል አይደለም። ልጁ ይህን ሁለት ጊዜ ጽፎታል፤ ተስፋውን የጣለው እዚያ ላይ መሆኑ ያስታውቃል። ያያቸው ሐኪም ኢንፌክሽኑ ዓይን ውስጥ ገብቷል፣ ኢንዶፍታልማይቲስ ነው፣ ዛሬውኑ ከውስጥ ፈሳሽ በመርፌ ተወስዶ አንቲባዮቲክ መግባት አለበት ብሏቸዋል። እናት መርፌውን ሲሰሙ እምቢ ብለው ቤታቸው ተመለሱ።

የልጁ ጽሑፍ ጥያቄም ክስም ይዟል። ጥያቄው፣ በታመመ ዓይን ላይ መርፌ መጨመር ነገሩን አያባብስም ወይ፣ ጠብታውንና የሚዋጠውን አንቲባዮቲክ አጠንክሮ ሁለት ሦስት ቀን ማየት አይቻልም ወይ የሚል ነው። ክሱ ደግሞ ሐኪሙ የተቻኮለው የራሱን ጥፋት ለመሸፈን ሳይሆን አይቀርም የሚል።

ቁጥር 1 ትሕትና የሞላበት ነው። ጸሐፊዋ ለእናቲቱ ምሕረት ከተመኘች በኋላ፣ እሷም ያንኑ ቀዶ ጥገና አድርጋ ዓይኗ ሳምንት ያህል ቀልቶ እንደነበርና በጠብታ ብቻ እንደለቀቃት ትናገራለች፤ ልጁ እንዳይደናገጥ ነው የምትለምነው። ቁጥር 2 ከእሷ ጋር ይስማማና ከራሱ አንድ ምክር ያክላል፦ ከሌላ ሰው የተረፈ የስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) ጠብታ ከተገኘ ቅላቱን ባንድ ቀን ያጠፋዋል ይላል። እንዲህ ያለውን ምክር በየክሩ፣ ማለትም በየጥያቄው ሥር በሚደረደሩ መልሶች ውስጥ፣ አይቼዋለሁ፣ ባየሁት ቁጥርም ያናድደኛል። ቅላት ማጥፋትና ባክቴሪያ መግደል ለየቅል ናቸው። ስቴሮይድ ብቻውን ሲገባ ዓይኑን የዳነ ያስመስለዋል እንጂ ውስጥ የሚራባውን አይነካውም።

ደግነቱ ቁጥር 3 ብዙ አልዘገየም። የጻፈችው በዓይን ሕክምና ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት፣ ጽሑፏም አራት መስመር ብቻ ነው። ምክንያት አትደረድርም፣ ማንንም አትነቅፍም። ጤነኛውን ዓይን በመዳፉ ሸፍኖ፣ በክንድ ርቀት ጣቶቹን እያሳየ ስንት እንደሆኑ እናቱን እንዲጠይቃቸው ትነግረዋለች። መቁጠር ካቃታቸው እጁን ግራና ቀኝ እንዲያወዛውዝ፣ ያም ካልታያቸው የስልኩን መብራት አብርቶ ብርሃን መኖሩን ይለዩ እንደሆነ እንዲያይ። ቀጥሎ ባለቀለሙን ቀለበት ግርጌው ላይ ልብ ብሎ እንዲመለከት፤ እዚያ የጥፍር ጫፍ የመሰለ ነጭ ንጣፍ ከተኛ መግል ነው። መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ እንዳይነጋበት፣ ይዟቸው ወደ ሐኪሙ እንዲመለስ።

ቁጥር 4 ራሱ ጠያቂው ነው። ፊደል ተሳክሮበታል፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ የጻፈው ይመስላል። ጣት መቁጠር አልቻሉም። እጅ ሲወዛወዝ ግን ያያሉ። ነጩም ንጣፍ አለ።

ቁጥር 5 የክሩ አከርካሪ ነው። ጸሐፊው የሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ሐኪም መሆኑን ይገልጽና ጠብታና ኪኒን ለምን እንደማይበቁ ለልጁ በሚገባው ቋንቋ ያስረዳል። የዓይንን የኋላ ክፍል የሞላው፣ ቪትረስ የሚባለው ዝልግልግ ነገር ወደ 4 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ የደም ሥር ግን የለውም። ደም በሌለበት ነጭ የደም ሴል ቶሎ አይደርስም። በደም የሚጓዝ መድኃኒትም ቢሆን በደምና በሬቲና መካከል ያለው አጥር አብዛኛውን ያስቀረዋል። ጠብታው ብሌኑን፣ ማለትም የዓይንን ፊተኛ ጥርት ያለ ሽፋን፣ ዘልቆ ፊተኛውን ክፍል ቢያገኝ እንኳ ወደ ኋላ የሚደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ባክቴሪያው ግን ሞቃትና ዘብ የሌለው ቦታ አግኝቶ በየሰዓቱ ይባዛል። ስለዚህ ያለው አማራጭ መድኃኒቱን እዚያው ማድረስ ነው፦ ቫንኮማይሲን 1 ሚሊ ግራም፣ ሴፍታዚዲም 2.25 ሚሊ ግራም፣ እያንዳንዳቸው በ0.1 ሚሊ ሊትር። የመጀመሪያው ግራም ፖዘቲቭ፣ ሁለተኛው ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉትን ባክቴሪያዎች ይይዛል። ሁለት መድኃኒት፣ ሁለት ሲሪንጅ፤ ባንድ ላይ ከተቀላቀሉ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራሉና። መርፌው የሚገባው ዓይኑ ከደነዘዘ በኋላ በነጩ ክፍል በኩል፣ ከብሌኑ ጠርዝ 3.5 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሬቲና በማይነካበት ቦታ ነው። ከመድኃኒቱ በፊት ጥቂት ፈሳሽ ለላቦራቶሪ ይቀዳል፤ ውጤቱን ግን ማንም ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ይኸው ሐኪም መጨረሻ ላይ እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ የታተመውን፣ 420 ሕሙማን የተካፈሉበትን ጥናት ያነሳል። ቢያንስ የእጅ መወዛወዝ የሚያዩት ሰዎች በመርፌም ታከሙ በቪትረክቶሚ፣ ማለትም መግል የያዘውን ዝልግልግ በቀዶ ጥገና አጥቦ በማውጣት፣ ውጤታቸው ተቀራራቢ ነበር። ብርሃን ብቻ የሚለዩት ላይ ግን ልዩነቱ የትየለሌ ነው፦ ወዲያው ቪትረክቶሚ ከተደረገላቸው 33 ከመቶዎቹ 20/40 (ጤነኛ ዓይን ከ40 ጫማ የሚለየውን ከ20 ጫማ መለየት) ወይም ከዚያ የተሻለ እይታ ሲመለስላቸው፣ በመርፌ ብቻ ከታከሙት ግን 11 ከመቶዎቹ ብቻ። ነርሷ ጣት ያስቆጠረችው በዋዛ እንዳልሆነ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ለልጁ ቁርጡን ይነግረዋል፤ እናትህ ዛሬ ማታ ያሉት ከወሰኑ በወዲያኛው፣ በደህናው በኩል ነው፣ ነገ የት እንደሚሆኑ ግን ዋስትና የለም ይለዋል።

ጠያቂው ከዚህ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ክሩ ግን ገና መጋሉ ነበር።

ቁጥር 6 ምሕረት የለውም። እሱም ሙያተኛ ነኝ ይላል። የ1995 ጥናት ዛሬም እንደ ቃለ መሐላ መደገሙ ስንፍና ነው፣ ጥናቱ ከሞራና ከሌንስ ቀዶ ጥገና በኋላ ለሚመጣው ብቻ የተሠራ ነው፣ መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ቀጥነዋል፣ እይታው ወደ ብርሃን ብቻ እስኪወርድ መጠበቅ ዓይን እስኪጠፋ መጠበቅ ነው ሲል ቁጥር 5ን ይዘልፈዋል። ሐሳቡ ውሃ ያነሳል፤ አነጋገሩ ግን ሐሳቡን ሸፈነበት። ቁጥር 7 ሁለቱንም እርስዎ እያለች ትሸመግላለች። ጥናቱ ከሞራ ቀዶ ጥገና በኋላ ለሚመጣው ዛሬም መነሻ ነው፣ ግን የመጨረሻ ቃል አይደለም ትላለች። አንድ እርማትም ታክላለች፦ በዚያው ጥናት በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ጥቅም አላሳየም የተባለው የተሞከሩት አሚካሲንና ሴፍታዚዲም ስለነበሩ ነው፤ የሚዋጠው ሞክሲፍሎክሳሲን ግን ወደ ቪትረስ የተሻለ ይዘልቃል፣ ስለዚህ ከመርፌው ጋር ደርበው የሚያዙት ብዙ ናቸው። ደርበው፣ በምትኩ ሳይሆን።

ቁጥር 8 ሙያተኛ አይደለም። አባቱ ተመሳሳይ ቀዶ ጥገና ካደረጉ በኋላ ዓይናቸው ሲደበዝዝ ምንም አላመማቸውም። ስላላመማቸው ቀጠሯቸውን ጠበቁ። በቀጠሯቸው ቀን ብርሃንም አይለዩም ነበር፣ ኋላም የዓይኑ ውስጥ ተጠርጎ ወጣ። የት እንደተሠሩ አይናገርም፣ ማንንም አይከስም። ሕመም አለመኖሩ እንዳያታልልህ፣ እኛን አታሎናል ይላል ድምፁ ለጠፋው ልጅ።

እኔም በዚሁ ላይ የራሴን ልበል። በዚያው በ1995ቱ ጥናት ከሕሙማኑ ሩቡ ያህል ሕመም አልነበራቸውም፤ እይታቸው የደበዘዘው ግን 94 ከመቶ ነበሩ። ስለዚህ ቁጥር 1 ዋሽታለች አልልም፤ የእሷ ዓይን ቀልቶ ነበር እንጂ አልደበዘዘም። ከቀዶ ጥገና በኋላ ዓይን ይቀላል፣ ይቆረቁራል፣ ያለቅሳል፤ እይታው ግን ከቀን ወደ ቀን መጥራት አለበት። ጠርቶ የነበረ ዓይን ተመልሶ ሲደበዝዝ፣ ቢያምም ባያምም፣ ሰዓቱ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው። የዚህ ሁሉ ክር ፍሬ ለእኔ ይህ ነው።

ከዚያ ጥፋተኛ ፍለጋ ተጀመረ። ቁጥር 9 የልጁን ክስ አንስቶ ዓይን ውስጥ ባክቴሪያ ከየትም አይመጣም፣ ሐኪሞቹ እጃቸውን ሳይታጠቡ ነው፣ ፍርድ ቤት ይቁሙ ይላል። ቁጥር 10 በእርጋታ መልስ ትሰጣለች። በአብዛኛው ባክቴሪያው የመጣው ከበሽተኛው ከራሱ የዓይን ቆብና ሽፋሽፍት ነው፤ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ሁላችን ቆዳ ላይ የሚኖር ነው። ለዚህም ነው ከቀዶ ጥገና በፊት 5 ከመቶ ፖቪዶን አዮዲን የሚባል ጀርም ገዳይ ዓይኑ ላይ ፈስሶ ሦስት ደቂቃ ያህል የሚቆየው። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የአውሮፓ ጥናት ወደ 16,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ 1 ሚሊ ግራም ሴፉሮክሲም የሚባል አንቲባዮቲክ በዓይን ፊተኛ ክፍል ውስጥ ማስገባት አደጋውን አምስት እጥፍ ያህል እንደሚቀንስ ካሳየ በኋላ ብዙዎች ልማድ ያደረጉት። ይህ ሁሉ ተደርጎም ከሺህ አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል።

ቁጥር 11 እሳት ጎርሶ መጣ። የሐኪም ጠበቃ በዝቷል፣ ሁልጊዜ ጥፋቱ በበሽተኛው ሽፋሽፍት ላይ ነው የሚላከከው ይላል። ስድቡን ትቼዋለሁ። ቁጥር 12 ግን ከስድቡ ውስጥ ቁም ነገሩን ለይቶ አወጣ፦ ጥፋት የሚፈለግበት ጊዜ አለ። ባንድ ቀን፣ ባንድ ክፍል የተሠሩ ሁለት ሦስት ሰዎች አብረው ከታመሙ ነገሩ ሽፋሽፍት አይደለም፤ የታጠበበት ፈሳሽ፣ መሣሪያው፣ ማምከኛው መመርመር አለበት። ደግሞ በ12ና በ48 ሰዓት መካከል ብሌኑ ከዳር እስከ ዳር ጭጋግ ለብሶ ሕመሙ ቀላል ከሆነ፣ ባክቴሪያ የሌለበት የኬሚካል መርዝ ሊሆን ይችላል፤ ያኛው በስቴሮይድ ይለቃል። መለየቱ ግን የሐኪም እንጂ የዚህ መድረክ ሥራ አይደለም፤ ጥርጣሬ ካለ እንደ ኢንፌክሽን ይታከማል። ቁጥር 11 አልመለሰም።

ጠያቂው በሌለበት ክሩ መንገድ ሳተ። ቁጥር 13 በእርጅና ለሚመጣ የሬቲና ችግር በየወሩ ዓይኗ ውስጥ መርፌ የምትወጋ ሴት ናት። ሁሉንም አንብባ ቀጣዩን ቀጠሮ ልትሰርዝ ቃጥቷታል። ቁጥር 14፣ ያው የሬቲና ሐኪም፣ እንዳትሰርዢ ይላታል፤ አደጋው ከብዙ ሺህ መርፌ አንድ ነው፣ መርፌው ቢቀር የሚጠፋው እይታ ግን እርግጥ ነው። እሱን የሚያስፈራው አፍ ውስጥ የሚኖረው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ ከሞራ ቀዶ ጥገና ይልቅ ከመርፌ በኋላ ይበዛል፣ ቶሎም ያጠፋል። ስለዚህ ሲወጉ ሐኪሙም በሽተኛውም አፋቸውን ይዘው ዝም ቢሉ ይመረጣል። ከመርፌው በኋላ ለቀናት ይሰጥ የነበረው የአንቲባዮቲክ ጠብታም አደጋውን እንዳልቀነሰ፣ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ብቻ እንዳበዛ ያነሳል። አንድ ሰው ክፍል ውስጥ ማውራት አያቆምም ብላ ቁጥር 13 በሳቅ መለሰች፣ እኔም ለእሷ ደስ አለኝ።

ቁጥር 15 የመገናኛ ሌንስ ለብሶ ተኝቶ ዓይኑ የቆሰለ ሰው ነው። የእሱ የብሌን ቁስል እንጂ የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን እንዳልሆነ በጎን ይነገረዋል፤ ቁስሉ ዘልቆ ከገባ ግን ወደዚያው ያመራል። ከዚህ ወሬው እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ በተበከለ የሰው ሠራሽ እንባ ጠብታ ምክንያት ወደተነሳው ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ወረርሽኝ ይሄዳል፦ በ18 ግዛቶች 81 ሰዎች ተይዘው፣ 14 እይታ አጥተው፣ አራቱ የዓይን ኳሳቸው ወጥቶ፣ አራት ሞተዋል። አንባቢ ሁሉ ወደ መሳቢያው ሮጦ የጠብታውን ብልቃጥ ማየት የጀመረ ይመስላል፤ ጫፉ ዓይን ሲነካ ይበከላል፣ ከተከፈተም በላዩ ከተጻፈው ጊዜ ማለፍ የለበትም።

ቁጥር 16 ብረት ቀጥቃጭ ነው። መዶሻ ብረት ሲመታ የተፈናጠረ ስንጣሪ የባልደረባው ዓይን ውስጥ ገብቶ በማግስቱ ዓይኑ እንደፈረሰ ይተርካል። አፈር የነካ ብረት የሚያስገባው ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ ዓይንን ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ውስጥ ሊጨርስ የሚችል ነው። መነጽር አድርጉ ብሎ ሦስት ጊዜ ይጮኻል። ከመቶ ምክር ይሻላል።

ቁጥር 17 ግን አስደነገጠኝ። ዓይኗ በጭራሽ ቀዶ ጥገና አይቶ አያውቅም። ስኳር በሽታ ያለባት ሴት ናት፤ ትኩሳትና የጎን ሕመም ነበራት፣ ከዚያ አንዱ ዓይኗ ቀላ። ለቀናት ተራ ዓይን መቅላት ተብሎ ጠብታ ተሰጣት። ኋላ ጉበቷ ውስጥ መግል ተገኘ፤ ክሌብሲየላ የሚባለው ባክቴሪያ በደም ተጉዞ ዓይኗ ደርሷል። የሬቲናው ሐኪም እዚህ ላይ ከቀድሞው የሚለይ ነገር ይነግራታል፦ በደም የመጣ ኢንፌክሽን በዓይን መርፌ ብቻ አይበቃውም፣ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ የግድ ነው፣ ምንጩም መፈለግ አለበት፤ ጉበት፣ የልብ ቫልቭ፣ ለረጅም ጊዜ ደም ሥር ውስጥ የቆየ ቱቦ። ትኩሳት ያለበት ሰው ዓይን ሲቀላ ዓይኑን ብቻ ማየት ስህተት ነው።

ቁጥር 18 አጭር ነው፦ ቀዶ ጥገና ካደረገ ከወራት በኋላ ዓይኑ በስቴሮይድ እየጠራ፣ ሲቆም እየተመለሰ፣ ሰው ሠራሹ ሌንስ በተቀመጠበት ከረጢት ላይ ነጭ ንጣፍ የታየበት ሰው። ኩቲባክቴሪየም አክነስ ሆነ፤ ቀርፋፋ ባክቴሪያ ስለሆነ ላቦራቶሪው እስከ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነበረበት፣ ከረጢቱም ካልተቆረጠ አልለቅ አለው።

ቁጥር 19 ጠያቂው ተመለሰ። ያን ሌሊት ሄደዋል፣ መርፌው ተወግቷል። እናቱ ያሰቡትን ያህል አላመማቸውም፤ ከመርፌው ይልቅ ፍርሃቱ እንደባሰባቸው ይቀልዳል። ግን በማግስቱ ዓይኑ የባሰ መስሏል፣ ነጩ ንጣፍ ወፍሯል፣ ሐኪሙ ደግሞ ጠብቁ እያላቸው ነው። ልጁ እንደገና ሊጠራጠር ጀምሯል።

ቁጥር 20፣ የሬቲናው ሐኪም፣ ይህ የሚጠበቅ ነው ይለዋል። ባክቴሪያው ሲሞት የሚለቀው ነገር ራሱ ብግነት ያስነሳል፤ መጀመሪያ የሚለካው ሕመሙ መቀነሱና ነጩ ንጣፍ ማደጉን ማቆሙ ነው፣ እይታ በኋላ ነው የሚመጣው። የኋላው ካልታየ በአልትራሳውንድ ይታያል፣ ከ48 ሰዓት በኋላ ካልተሻለ መርፌው ይደገማል ወይም ቪትረክቶሚ ይደረጋል። ላቦራቶሪው ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስን ካሳየ ደግሞ ደስ ይበልህ ይለዋል፤ በ1995ቱ ጥናት በእሱ ዓይነት ባክቴሪያ ከተያዙት 84 ከመቶዎቹ ቢያንስ 20/100 ሲያዩ፣ ስትሬፕቶኮከስ ከያዛቸው ግን 30 ከመቶዎቹ ብቻ ናቸው። ቁጥር 21 በቁጥር 6 እጅ የተጻፈ ነው፤ እንደለመደው ተቆጥቶ፣ ብግነቱን ለማብረድ ስቴሮይድ ዓይን ውስጥ መጨመር ያልተቋጨ ክርክር መሆኑን ያስታውሳል። አንዳንዶች ደክሳሜታዞን የሚባለውን ስቴሮይድ አብረው ይወጋሉ፣ አንዳንዶች ሁለት ቀን ይጠብቃሉ። በዚህ እንኳ ሁለቱ ሐኪሞች ሳይሰዳደቡ ተለያዩ፣ ክሩ ውስጥ ብርቅ ነው።

ቁጥር 22 ከሳምንታት በኋላ ነው የመጣው። ውጤቱ ያው ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ነበር። እናት ጣት ይቆጥራሉ፣ ሰዎችን በፊታቸው ይለያሉ፣ ማንበብ ግን ገና ነው። አሁን የልጁ ጥያቄ ሌላ ሆኗል፦ ሁለተኛው ዓይንም ሞራ አለው፣ ሊሠራ ይገባል ወይስ ይቅር?

ቁጥር 23 ቀድሞ በእርጋታ የመለሰችው የቁጥር 10 ጸሐፊ ናት። ይሠራ ትላለች፤ ግን የመጀመሪያው ዓይን ሙሉ በሙሉ እስኪረጋ ድረስ አይሁን። ቀድሞ የቆባቸው ጠርዝ ይታይ፣ ፎረፎርና ቅባት ካለበት ይታከም፤ ስኳራቸው ይለካ። ሐኪማቸውን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ቀዶ ጥገናው ከመጀመሩ በፊት አዮዲኑ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ ሴፉሮክሲም መጨረሻ ላይ ይገባ እንደሆነ፣ ለፔኒሲሊንና ሴፉሮክሲም ለሚመደብበት ለሴፋሎስፖሪን ዘር አለርጂ ካለባቸው ምን እንደሚሰጣቸው። የቀድሞው ዓይን በቫንኮማይሲን ስለዳነ ለመከላከያም እሱ ይሁን እንዳይሉ ታስጠነቅቃለች፤ ለመከላከል ተብሎ በሞራ ቀዶ ጥገና ወቅት ሲገባ ከባድ የሬቲና ደም መፍሰስና የደም ሥር መዘጋት ሊያስከትል እንደሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 አስጠንቅቋል። ልጁ ከሥሯ ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ ጽፎ እንደያዘ አስታወቀ፤ የቀዶ ጥገናውን ቀን ግን ገና አልቆረጠም።